ትንፋሽ ቀድሞ ይመለሳል፣ ጅማት ይዘገያል

ውድ የጅማ ወጣቶች፣

ትምህርትና ሥራ ከኳስ አርቋችሁ ከርሞ አሁን የእሁድ ጠዋት ጨዋታ ሲያምራችሁ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ አመላለሳችሁ ነው። «አንድ ሰው ጎደለን» ተብሎ ታኬታ ተውሶ ሜዳ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ማንም ሳይነካው ነው። ኳስ ተከትሎ ሲፈተለክ የጭኑ የኋላ ጡንቻ ይቀደዳል።

ልብና ሳንባ ቶሎ ይሻሻላሉ። በሳምንት ሦስት ቀን የሚንቀሳቀስ ሰው በ3 ወይም በ4 ሳምንት ትንፋሹ ሲረዝም ይታወቀዋል። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ግን ደም እንደ ልብ ስለማይደርሰው የሚጠነክረው በወራት ነው። ስለዚህ ከሁሉ የምፈራላችሁ አምስተኛውን ሳምንት ነው፤ ትንፋሻችሁ «ቻልኩ» ይላል፣ ጅማታችሁ ገና ነው። በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን እንዳሸነፈው ጅማ አባ ጅፋር ባሉ ክለቦች የሚጫወቱት እንኳ ከእረፍት ሲመለሱ ሳምንታት ይዘጋጃሉ።

የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ቀን እየዘለላችሁ 2 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቃችሁ 30 ደቂቃ ሙሉ። እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፍጥነቱ በዝቷል። በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት ሳታቋርጡ 20 ደቂቃ። ወደ ጅሬን ዳገቱን መውጣት ለትንፋሽ ግሩም ነው፤ ጡንቻ የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው፣ እየተለጠጠ ክብደት ስለሚሸከም። ስትወርዱ ተራመዱ። በ5ኛው ሳምንት 40 ሜትር በሙሉ ፍጥነት ሳይሆን ቆጠብ ብላችሁ 6 ጊዜ ሩጡ፤ በመካከሉ አንድ ደቂቃ ተኩል ተራመዱ። በ6ኛው ፍጥነቱን ጨምሩ። ከዚያ በኋላ ጨዋታ፣ እሱም መጀመሪያ 20 ደቂቃ ብቻ።

ከሩጫው ጎን በሳምንት 2 ቀን የጥንካሬ ልምምድ ሥሩ፤ ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፣ እኔ ግን ከሩጫው አስበልጠዋለሁ። ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣት ቆማችሁ ተረከዛችሁን ቀስ ብላችሁ፣ እስከ ሦስት እየቆጠራችሁ፣ ወደ ታች አውርዱ፤ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ለጭን ደግሞ ብርድ ልብስ ላይ ተንበርከኩ፣ ጓደኛ ቁርጭምጭሚታችሁን ይያዝ፣ ወገባችሁን ሳታጥፉ ወደ ፊት በዝግታ ውረዱ፤ መቋቋም ሲያቅታችሁ በእጅ ተቀበሉ። ሲጀመር 4 ጊዜ፣ ሁለት ዙር ይበቃል፤ ካበዛችሁ በማግስቱ መቀመጥ ያስቸግራል። በሁለተኛው ቀን በሁለቱም እግር እኩል የሚሰማ የጡንቻ ሕመም ያለና የሚያልፍ ነው። በአንድ ወገን ብቻ፣ በጣት የሚጠቆም ቦታ ላይ ካመማችሁ ወይም ጠዋት ስትነሱ የተረከዝ ጅማታችሁ ከደረቀ ግን ልምምዱን በግማሽ ቀንሱ።

ክረምት ላይ ሜዳው ሲጨቀይ ታኬታው ይያዝና ጉልበት ይጠመዘዛል፤ ለስላሳ ጫማ ደግሞ ያንሸራትትና ብሽሽት ይጎዳል። ውሃ በቋጠረ ሜዳ አትግቡ፤ ያን ቀን ቤት ውስጥ የጥንካሬ ልምምዱን ሥሩ።

ስለ ጫትም ሳልናገር አላልፍም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍና ምግብ ይከለክላል። ቅዳሜ ሲቅሙ አምሽቶ እሁድ መሮጥ ልብን በሁለት በኩል ማስጨነቅ ነው። አንዱን ምረጡ።

ድንገት ከተጎዳችሁ ወዲያው ወደ ወጌሻ ሮጣችሁ አታሳሹ። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ማሸት ውስጣዊውን መድማት ያባብሳል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ 15 ደቂቃ ያዙበት፣ በፋሻ ሳታጠብቁ እሰሩት፣ እግሩን ከፍ አድርጋችሁ ተኙ። ቁርጭምጭሚታችሁ ተወልምቶ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻላችሁ ግን ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱና ራጅ ተነሱ።