ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት

ሰሞኑን ቴአትርና ፊልም የሚጀምሩ ልጆች ለመንግሥት የኪነጥበብ ፈንድ የሚያስገቡትን ፕሮፖዛል እየላኩ «አንዴ እይልን» ይሉኛል። አያለሁ፣ ደስም ይለኛል። ግን አንድ ነገር ደጋግሜ ሳይ ከበደኝ፣ ስራው ገና ሳይጀመር ተቆርጧል። ማንም አልቆረጠውም እኮ፣ ራሳቸው ናቸው። አንዷን ደውዬ «ያ ያወራሽኝ፣ እናትየዋ ልጇን ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ የምትዞርበት ክፍል የታለ?» ስላት «ተውኩት ጋሼ፣ ገንዘቡን እንዳያስከለክለኝ ብዬ» አለችኝ። ያስከለክልሻል ያለሽ ማነው? ማንም። ስለዚህ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፍላችሁ።

ነገሩን ከራሴ አውቀዋለሁ። ወጣት ሆኜ ለመንግሥት ድጋፍ አንድ ስክሪፕት ሳስገባ ሦስት ገጽ ቆርጬ አወጣሁ፣ አንድ የቀድሞ ወታደር ጡረታውን ሊያስከብር ሄዶ ስምህ መዝገብ ላይ የለም የሚባልበት ትዕይንት ነበር። ቴአትሩ ጸደቀ፣ ገንዘቡ ወጣ፣ ታየ፣ ተጨበጨበ። ከብዙ ዓመት በኋላ ያኔ ገምጋሚ ከነበሩት አንዱን አግኝቼ ስለዛ ትዕይንት ስነግረው «ብታስገባው እኮ ይሄን እናሳልፈው ነበር» አለኝ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚባለው ተረት ያን ቀን ነው አጥንቴ ድረስ የገባኝ።

ሳንሱር ሲባል እናንተ የምታስቡት ቀይ እስክሪብቶ ያለው ሰውዬና ማህተም ነው። እሱ አለ፣ ነበረም። እንግሊዝ አገር ከ1737 እስከ 1968 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ማንኛውም አዲስ ቴአትር መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ስክሪፕቱ ለቤተመንግሥቱ ሹም ቀርቦ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት፣ 231 ዓመት ማለት ነው። ግን ምን መሰላችሁ፣ ከ1824 ወዲህ የገቡት ስክሪፕቶች ዛሬም የብሪታኒያ ቤተመጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠዋል፣ የፈለገ ሄዶ የተሰረዘውን መስመር ጭምር ያነባል። እኔ ያወጣኋቸው ሦስት ገጾች ግን የትም የሉም። የሰረዘው ሰው ስለሌለ የተሰረዘበት መዝገብም የለም፣ በኔ እምነት ከማህተሙ ይልቅ የሚያስፈራው ይሄ ነው።

ገንዘብ ያለበት ሳንሱር ደሞ ቋንቋው ሌላ ነው። ኋላ ላይ እኔም ገምጋሚ ኮሚቴ ውስጥ ለጥቂት ዓመታት ተቀምጬ ነበር፣ አንድም ቀን «ይሄ ፖለቲካ ነው፣ ይከልከል» ሲባል አልሰማሁም። የሚባለው «በጀት አልበቃም» ነው፣ «ቅድሚያ ከምንሰጣቸው ጭብጦች ጋር አይሄድም» ነው፣ «ለሚቀጥለው ዙር ይቆይ» ነው። ብዙ ጊዜ ደሞ እውነትም በጀት አይበቃም፣ ለዛ ነው ሰው እውነተኛውን ምክንያት ከሰበቡ መለየት የሚያቅተው። ምክንያቱ ሌላ መሆኑን እያወቅኩ «በበጀት እጥረት» የሚል ደብዳቤ ላይ አንዴ ፈርሜያለሁ፣ የደራሲውን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም፣ ይቆጨኛል።

ይሄ የኛ ዘመን ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ 1935 ላይ፣ ስራ ላጡ የቴአትር ሰዎች ደሞዝ የሚከፍል የፌዴራል ቴአትር ፕሮግራም ከፍታ ነበር። በ1937 ሰኔ ላይ ኦርሰን ዌልስ ያዘጋጀው፣ ስለ ብረታብረት ሰራተኞች ማህበር የሚያወራ ሙዚቃዊ ቴአትር ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት ከዋሽንግተን ትዕዛዝ መጣ፣ በበጀት ቅነሳ ምክንያት አዲስ ቴአትር ሁሉ ይቁም ተባለ። ቴአትር ቤቱ ተቆለፈ፣ ዘበኛ ቆመበት። ተዋናዮቹና ተመልካቹ ሃያ ብሎክ ያህል ተጉዘው ሌላ አዳራሽ ገቡ፣ የተዋንያኑ ማህበር ደሞ መድረክ ላይ እንዳትወጡ ስላለ የዜማው ደራሲ ብቻውን ፒያኖ ላይ ተቀመጠና ተዋናዮቹ ከተመልካቹ መሃል፣ ከወንበራቸው እየተነሱ ዘፈኑ። ይሄን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ውስጤ ይሞቃል። ፕሮግራሙን ግን በ1939 ኮንግረሱ ባጀቱን ቆርጦ ዘጋው፣ እዛም ላይ የተጻፈው ቃል ያው ባጀት ነው።

«የግብር ከፋዩ ገንዘብ» የሚባለውንም ክርክር እወቁት፣ መምጣቱ አይቀርም። ናዚዎች በ1937 ሙኒክ ላይ «የዘቀጠ ጥበብ» ብለው ከሕዝብ ሙዚየሞች የወረሷቸውን 650 ገደማ ስራዎች ለማዋረድ ሲያሳዩ፣ ከብዙዎቹ ስር ሙዚየሙ ስንት እንደገዛቸው ለጥፈው ነበር፣ አንዳንዱ ዋጋ ደሞ ገንዘቡ እንደ ወረቀት በረከሰበት በ1920ዎቹ የዋጋ ንረት ጊዜ የተከፈለ ስለሆነ የሰማይ ቁጥር ነው፣ ሰው አይቶ እንዲናደድ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አየው። አሜሪካ ውስጥ ከ1989 ጀምሮ በፎቶግራፍ ኤግዚቢሽኖች የተነሳው ጭቅጭቅ ከዛ ጋር በጭራሽ አንድ አይደለም፣ ማንም አልታሰረም ስራም አልተቃጠለም፣ ግን ጥያቄው ያው ነበር፣ በኔ ግብር እንዴት ይሄ ይሰራል የሚል። 1990 ላይ ኮንግረሱ ብሔራዊ የኪነጥበብ ፈንዱ ገንዘብ ሲሰጥ «አጠቃላይ የጨዋነት ደረጃን» ከግምት ያስገባ የሚል ሐረግ ሕጉ ላይ ጨመረ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1998 ሐረጉ ሕገመንግሥቱን አይጥስም ብሎ 8 ለ 1 ወሰነ። ግብር ከፋዩ መጠየቁ መብቱ ነው፣ አልቃወምም። ግን ግብር የሚከፍለው ያ ሥዕል የሚያስቆጣው ሰው ብቻ አይደለም፣ ልጇን ፍለጋ የምትዞረዋም እናት ትከፍላለች።

ታዲያ አንውሰድ ወይ ትሉኛላችሁ። ኧረ ውሰዱ! ንጹህ ነኝ ለማለት የመንግሥት ገንዘብ የማይነካ አርቲስት አከብራለሁ፣ ግን ገበያውም እኮ ይቆርጣል፣ ስፖንሰሩም ይቆርጣል፣ የማይሸጥ ነገር አልፈልግም ሲል ምክንያት እንኳ አይሰጣችሁም። ይልቅ የምትጠይቁት ገንዘቡ በማን በኩል ነው የሚመጣው የሚለውን ነው። እንግሊዞች በ1946 የኪነጥበብ ምክር ቤታቸውን ሲያቋቁሙ የኢኮኖሚስቱ ኬይንስ ሐሳብ ቀላል ነበር፣ መንግሥት ጠቅላላውን ብር ይስጥ፣ ለማን ይድረስ የሚለውን ግን ከሚኒስትሩ ትዕዛዝ የማይቀበል ምክር ቤት ይወስን። በክንድ ርቀት ይሉታል። ክንዱ አንዳንዴ ያጥራል፣ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። ሚኒስትሩ ራሱ ዝርዝሩ ላይ ከሚፈርምበት ቦታ ጋር አንድ አይደለም።

ገንዘቡ የመንግሥት ደሞዝ ሲሆን ደሞ ያ ክንድም የለም። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የሙዚቃ ደራሲው የሾስታኮቪች ኦፔራ ለሁለት ዓመት ሲታይና ሲወደድ ከርሞ፣ 1936 ጥር ላይ ስታሊን ገብቶ ካየው ከሁለት ቀን በኋላ የፓርቲው ጋዜጣ ፕራቭዳ አብጠለጠለው። በዛው ዓመት ታህሳስ አራተኛ ሲምፎኒው ልምምድ ላይ እያለ ተሰረዘ፣ የተሰማው በ1961 ነው፣ 25 ዓመት መሳቢያ ውስጥ። የኛውን በዓሉ ግርማንም አስቡት፣ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆኖ፣ የመንግሥት ደሞዝ እየበላ በ1983 ኦሮማይን አሳተመ፣ ከስራው ተባረረ፣ በቀጣዩ ዓመት የካቲት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይሄን የማነሳው እንድትፈሩ አይደለም፣ ዋጋው ከቦታ ቦታ፣ ከዘመን ዘመን በጣም እንደሚለያይና ያላችሁበትን ቦታ ልክ ማወቅ እንዳለባችሁ ለመንገር ነው። እናንተ የምታጡት አንድ ዙር ፈንድ ከሆነ፣ ሕይወታቸውን ባጡት ሰዎች ፍርሃት አትፍሩ።

አንዳንዶቻችሁ በሰምና ወርቅ እናልፈዋለን ትላላችሁ። ጥሩ ነው፣ ጥበብ ነው፣ ግን ሰሙን እያወፈራችሁ እያወፈራችሁ ስትሄዱ አንድ ቀን ወርቁን ራሳችሁም ታጡታላችሁ፣ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ፎርሙ። መጀመሪያ ሙሉውን ስራ ጻፉ፣ ፎርሙን ከዛ በኋላ ክፈቱ፣ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፎርሙ ነው የሚጽፍላችሁ። ኮንትራቱ ላይ የመጨረሻው ክፍያ መቼ እንደሚለቀቅ እዩ፣ «የሂሳብ ሪፖርት ሲቀርብ» የሚለውና «የመጨረሻው ስራ ተቀባይነት ሲያገኝ» የሚለው ሰማይና ምድር ናቸው፣ ሁለተኛው ካለ ተቀባይነቱ በምን እንደሚለካ በጽሑፍ ጠይቁ። ገንዘቡን ከከለከሏችሁ መልሱን በስልክ አትቀበሉ፣ ደብዳቤ ወይም ኢሜይል በሉ። ለገንዘቡ ብላችሁ የምታወጡት ነገር ካለ አውጡ፣ እኔ ማን ነኝ የምፈርድባችሁ፣ የቤት ኪራይ አውቃለሁ፣ ግን ያወጣችሁትን ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡት፣ እንደኔ አትጣሉት። ጓደኛችሁ ፈንድ ስለወሰደ ደሞ «ተሸጠ» አትበሉ፣ ስራውን እዩ።

ቤላ ልዊትስኪ የምትባል አሜሪካዊት የውዝዋዜ አዘጋጅ ነበረች። 1990 ላይ ከዛው ከአሜሪካ ብሔራዊ የኪነጥበብ ፈንድ 72,000 ዶላር ሲፈቀድላት ገንዘቡን ለማግኘት ጸያፍ ነገር አልሰራም የሚል ቃል መፈረም ነበረባት፣ ያኔ ሰባዎቹ ውስጥ ናት፣ እድሜ ልኳን ጸያፍ ስራ የሰራችም ሴት አይደለችም፣ ብትፈርመው ምንም አይጎዳትም ነበር። አንቀጹን በእስክሪብቶ ሰርዛ ፎርሙን መለሰችው። ገንዘቡ ተከለከለ፣ ከሰሰች፣ በ1991 ጥር ፍርድ ቤቱ ፈረደላት።

ያቺ ልጅ ትናንት ደውላ «እናትየዋን መልሻታለሁ ጋሼ» አለችኝ። የማስገቢያው ቀን አርብ ነው፣ እስከዛ በጀቱን አብረን እናስተካክላለን።