ውሉ ላይ 7 ሺህ፣ በእጅ 5 ሺህ

«አከራያችን ውሉ ላይ ከምንከፍለው አሳንሰን እንጻፍ፣ ልዩነቱን በእጅ ስጡኝ አለን። ብንፈርም ችግር አለው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ እባክሽ አትፈርሚ። እኔ ፈርሜ 48 ሺህ ብር ተበልቻለሁ።

1. ቅድሚያ ከሁለት ወር በላይ አትክፈሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ (1320/2016) ይከለክላል። ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ መሆን አለበት።

ይህን እኛም እናውቅ ነበር። ግን ቤት ፍለጋ ከወር በላይ ተንከራተን ደክሞናል። ደላላው «ከኋላችሁ ሦስት ሰው አለ» ይለናል። አያት አካባቢ ግቢ ውስጥ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ነው፣ በወር 12 ሺህ። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቀ። ባለቤቴ የእቁቡን ብር አምጥቶ ሳሎኑ ውስጥ 72 ሺህ ቆጥረን ሰጠነው። ውሉ ላይ የሰፈረው ግን ኪራይ 7 ሺህ፣ ቅድሚያ የሁለት ወር። ለግብሩ ብሎ ነው። ሰኔ 2016 ገባን፣ ወረዳም ሄደን አስመዘገብን።

2. ወረዳው የሚያየው ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ነው። ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ መንግሥት ባወጣው ልክ ነው የሚባለው። በእጅ የምትሰጪው ግን ወረቀት ላይ ስለሌለ ያ ገደብ አያድንሽም።

ሐምሌ 22 ዶላር በገበያ ይወሰን ተባለ። በሳምንቱ ሰውዬው በራችንን አንኳኳ። «ሁሉም ነገር ጨምሯል፣ በእጅ የምትሰጡኝ 9 ሺህ ይሁን» አለ። የከፈልነው ገና አላለቀም ስንለው፣ «የሁለት ወር ነው የከፈላችሁት፣ አልቋል፤ ውሉን አንብቡት» አለን። ልጄን አዝዬ ወረዳ ሄድኩ። ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት መስኮት ላይ ቆምኩ። ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። በእስክሪብቶ 7,000 የሚለውን ከበበና «ይቺን እየከፈልሽ ኑሪ። በእጅ ሰጠሁ የምትይውን እኛ አናውቅም፣ የውሸት ውል የፈረምሽው አንቺ ነሽ» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እስከዛሬ ያቃጥለኛል።

በ7 ሺህ ኑሪ ማለት ቀላል ነው። ውሃው በእሱ እጅ፣ ቆጣሪው በእሱ እጅ፣ የግቢው በር ማታ ሁለት ሰዓት ይቆለፋል። ነሐሴ እንደገባ ወጣን። ቀሪው 48 ሺህ እዚያው ቀረ።

ሕጉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እህቴ ገርጂ በትክክለኛ ዋጋ የተመዘገበ ውል አላት፤ እንደድሮው በየስድስት ወሩ «ጨምሪ ወይ ልቀቂ» የሚላት የለም። መከራው አዲስ ለሚፈልግ ነው። አከራዩ ውሉ በሚቆይበት ሁለት ዓመት እንደልቡ እንደማይጨምር ስለሚያውቅ፣ የሚጨምረውን ሁሉ መጀመሪያው ዋጋ ላይ ይጭነዋል። ካልሆነም እንደ አንቺ አከራይ በእጅ ይላል። ቤት እስካልበዛ ድረስ ይህን ማስቀረት የሚቻል አይመስለኝም።

እኛ ከዚያ በኋላ ሙሉው ዋጋ ካልተጻፈ አንፈርምም አልን። ሁለት ቤት በዚህ ምክንያት አመለጠን። ሦስተኛዋ አከራይ ግን እሺ አለች። 13 ሺህ፣ ሁሉም ውሉ ላይ፣ ሁሉም በባንክ። ውድ ነው። ግን ደረሰኙ ስልኬ ላይ አለ፣ ማታ በር ሲንኳኳም አልደነግጥም።

ነገ ልትፈርሙ ከሆነ ዛሬውኑ ለአከራይሽ ደውይለትና ሙሉው ዋጋ ካልተጻፈ አንፈርምም በይው። የውላችንን ፎቶ ማየት ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ስሞቹን ሸፍኜ እልክልሻለሁ።