የሙክቱ ራስ ቅል ለምን ቢጫ ሆነ?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ከድሬ፣ ሳቢያን ነኝ። ለበዓል ያረድነውን ሙክት ጭንቅላት ሳሎን ልሰቅለው ብዬ ቀቀልኩትና በረኪና ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ነበር አሁን ግን ቢጫ ሆኖ ይሸታል፣ ስነካውም ይፈረፈራል። ምን ላርግ?

መልስ፦ ወንድሜ በረኪናውን እርሳው! አጥንቱን ነው የሚበላው፣ የተፈረፈረው ደሞ አይመለስም። ቢጫው ስብ ነው፣ መቀቀሉ ወደ አጥንቱ አስገብቶታል። በደንብ እጠበውና ለብ ያለ ውሃ ላይ ላርጎ ጠብ አርገህ ዘፍዝፈው፣ ውሃው ሲደፈርስ ቀይር፣ እንደገና ቀይር፣ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፣ ደግነቱ የድሬ ፀሐይ ባልዲውን በነፃ ታሞቅልሃለች። ውሃው ካልደፈረሰ አድርቀህ እየው፣ ቢጫው ካልተመለሰ ስቡ ለቋል። ከዛ ከፋርማሲ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ገዝተህ አንድ ሁለት ቀን ዘፍዝፈው፣ ጓንት አርግ፣ ክዳኑን ግጥም አታርገው ጋዝ ያወጣል። ቀንዱን ግን አታስነካው ቀለሙን ይለቃል! ጥርስ ከወለቀ አትጣል፣ በማስቲሽ ይለጠፋል።

ሐረር ያላችሁ ደሞ ማታ ውጪ እንዳታሰጡት፣ ጅቡ አጥንት ነጭ ይሁን ቢጫ አይመርጥም 😂