ከጣልያንኛ ወደ እንግሊዝኛ ለምትተረጉሙ ልጆች

ውድ ልጆች፣

ጣልያን አገር ተምራችሁ እዚያው የቀራችሁ፣ ሁለቱን ቋንቋ ይዛችሁ ወደ ትርጉም ሥራ የገባችሁ አላችሁ። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በዚህ ሙያ ሸብቻለሁ። ውልና የማሽን መመሪያ ብዙም አያስቸግሩም፤ ቃሉ ቋሚ ነው፣ መዝገበ ቃላት ይመልሰዋል። ወገብ የሚያጎብጠው ስለ ማሰብ የሚያወራ ጽሑፍ ነው።

የተማረ ጣልያናዊ ሲጽፍ ማሰብን ስም ማድረግ ይወዳል። «ኡና ሪፍለሲዮኔ» (ማሰላሰል) ያስፈልጋል ይላል። ማን ነው የሚያሰላስለው? አይናገርም። የአገሩ አንባቢም አይጠይቀውም፤ ለምዶታል። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውንና ግሱን ይፈልጋል። ስሙን እንዳለ ብታሻግሩት ሰዋስው አይጎድለውም፤ ነገር ግን እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው የለም። «ዊ ኒድ ቱ ቲንክ አባውት ዚስ» ብትሉት አለቀ።

ስለዚህ አንዱን ቃል ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ፤ እዚህ ጋ የሚያስበው ማን ነው? ደራሲው ነው? አንባቢው? መንግሥት? አንዳንዴ ደራሲው ሆን ብሎ ደብቆት ይሆናል፤ በተለይ ፖለቲካ ሲጽፍ። ያኔ ሰው ፈጥራችሁ አታስገቡ። የተደበቀው እንደተደበቀ ይሻገር።

የእኛ ልጆች አንድ ዕድል አላችሁ። አማርኛም ይህን ስም የማብዛት ጠባይ ያውቀዋል። «ፕሬዛ ዲ ኮሼንትሳ» የሚለውን ስታዩ «ግንዛቤ መጨበጥ» ወዲያው ትዝ ይላችኋል፤ መጨበጡ እንኳ አለበት። ወደ እንግሊዝኛ ስትሄዱ ግን መጨበጡን ተዉት። «ሪያላይዝ» የሚለው ተራ ግስ ይበቃል። «ፔንሲዬሮ»ም እንደዚሁ ነው። ሐሳብ ማለት ነው፤ ጭንቀትም ነው። «ስታሬ ኢን ፔንሲዬሮ» የተባለላት እናት እያሰበች ሳይሆን ልጇ አምሽቶባት እየተጨነቀች ነው። «ሐሳብ ገባኝ» እየተባለ ባደጋችሁበት ቤት ይህ ለማንም አይጠፋውም። «ሶቭራፔንሲዬሮ» የተባለውም ሰው በሐሳብ ጭልጥ ያለ ነው።

«ኮሼንትሳ» ላይ ቆም በሉ። እኛ «ህሊናውን ሳተ» እንላለን፣ «ህሊናው ወቀሰው»ም እንላለን። ጣልያንኛውም ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው። እንግሊዝኛ ግን ለይቷቸዋል፤ ወይ «ኮንሸስነስ» ነው፣ ወይ «ኮንሸንስ»። የመደብ ንቃት ሲሆን የመጀመሪያው፣ ጦር መሣሪያ አልይዝም ያለ ሰው ሲሆን ሁለተኛው። ደራሲው ሁለቱንም አንድ ላይ አስቦ ከጻፈ ግን መምረጥ ግዴታ ነው፤ አንዱ ይቀራል። እኔ አንቀጹን እስከ መጨረሻው አንብቤ፣ ክርክሩ በየትኛው እንደሚቆም ሳላይ አልመርጥም።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ልንገራችሁ። ሁሉም ስም ወደ ግስ አይፈታም። ጣልያናዊው ኮሚኒስት አሳቢ ግራምሺ ከ1929 ጀምሮ በሙሶሊኒ እስር ቤት በጻፋቸው ደብተሮች «ሴንሶ ኮሙኔ» እና «ቡዎን ሴንሶ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። የመጀመሪያው በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ ሰው ሁሉ ሳይመረምር የያዘው፣ እርስ በርሱም የሚጋጭ እምነት ነው። ሁለተኛው በዚያ ውስጥ ያለው ጤናማ ማስተዋል ነው። ችግሩ፣ በእንግሊዝኛ «ኮመን ሴንስ» ማለት ሙገሳ ነው። ታዲያ በ1971 ከደብተሮቹ የተመረጡትን የተረጎሙት ሆርና ኖዌል ስሚዝ ምን አደረጉ? «ኮመን ሴንስ» ብለው አስቀሩትና ልዩነቱን በግርጌ አስረዱ። ልክ ናቸው እላለሁ። ግራምሺ በዚህ ቃል ገጽ ከገጽ ክርክር ይገነባል። በየቦታው በሌላ ሐረግ ቢተኩት ኖሮ አንባቢው ክሩን ያጣው ነበር። ጣልያናውያኑ ፈላስፎች ቫቲሞና ሮቫቲ በ1983 ያወጡት «ፔንሲዬሮ ዴቦሌ»ም ያው ነው። «ደካማ ሐሳብ» መባሉ ለጆሮ ቢከብድም የፍልስፍናው ስም ነውና አይነካም።

ልዩነቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ያው ቃል እየተመላለሰ ከመጣ፣ ደራሲው ፍቺ ከሰጠውና ከተሟገተበት፣ የጽንሰ ሐሳብ ስም ነው፤ ጠብቁት። አንዴ ብልጭ ብሎ ካለፈ የአጻጻፍ ልማድ ነው፤ ፍቱት። ስትጠራጠሩ የጣልያንኛውን መዝገበ ቃላት ትሬካኒን ክፈቱ፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ከጣልያንኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚወስደውን መዝገበ ቃላት ከዚያ በኋላ ተመልከቱ። ቅደም ተከተሉ ቁም ነገር አለው፤ የእንግሊዝኛውን አቻ ቀድማችሁ ካያችሁት ከጭንቅላታችሁ አይወጣም።

ራሱ ግራምሺ እስር ቤት ሆኖ የግሪምን ተረቶች ከጀርመንኛ ይተረጉም ነበር። በ1932 ለባለቤቱ በጻፈው ደብዳቤ ከጣልያንኛ መተርጎምን ሙያዋ እንድታደርገው ይገፋፋታል። ጥሩ ተርጓሚ የአንዱን ባህል ጽንሰ ሐሳብ በሌላው ባህል መግለጽ መቻል አለበት፣ ለዚህም ሁለቱን ሥልጣኔዎች መርምሮ ማወቅ ይኖርበታል ይላታል። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ይነካኛል። ሥራችንን ከዚህ በላይ ያከበረ ሰው አላውቅም።

የመጨረሻው ስለ ገንዘብ ነው፤ አይናቅም። የጣልያን አሳታሚዎች ብዙውን ጊዜ የሚከፍሉት በ«ካርቴላ» ነው፤ ክፍት ቦታን ጨምሮ እንደ አሳታሚው 1,800 ወይም 2,000 ፊደል። የወንጀል ልቦለድ ካርቴላና የፍልስፍና ካርቴላ እኩል ሊከፈልባቸው ይችላል፤ ድካማቸው ግን አይገናኝም። ከመፈረማችሁ በፊት ከመጽሐፉ መሃል ሁለት ገጽ ጠይቁና ሞክሩት። ስንት ሰዓት እንደወሰደባችሁ ያዙ። ዋጋው አልንቀሳቀስ ካለ የማስረከቢያው ቀን እንዲራዘም ተደራደሩ፤ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።