2,147,483,647፦ ስለዚህ ቁጥር ጠይቁኝ

ጥያቄ፦ ቁጥሩ ከየት መጣ?

31 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዙ። ከውጤቱ 1 ቀንሱ። በቃ፣ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በ3 ባካፍለው 1 ይተርፋል። በ7፣ በ9፣ በ11ም እንደዚያው። እንዲያው ግጥምጥሞሽ ነው?

ጎበዝ፣ ጥሩ አይተሃል! ግጥምጥሞሽ አይደለም። 1 ቀንስለትና 2,147,483,646ን በትነው፦ 2 × 3 × 3 × 7 × 11 × 31 × 151 × 331። በእነዚህ በየትኛውም ብታካፍል የቀነስካት 1 ትተርፋለች። በ331 ሞክረው እስቲ። አሁን ደግሞ 1 ጨምርበት። ያኔ ከ2 በቀር ሌላ ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር በምንም የማይካፈል) አካፋይ አታገኝም። ከታች ያለው ጎረቤቱ በአካፋይ የታጨቀ ነው፣ ከላይ ያለው ከ2 ብቻ የተሠራ ነው፣ እሱ ራሱ ግን ከ1 እና ከራሱ በቀር በምንም አይካፈልም። እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ፕራይም መሆኑን በኮምፒውተር ነው ያረጋገጡት?

ኮምፒውተር ገና ሳይታሰብ ነው የተረጋገጠው። በ1772 እ.ኤ.አ. ስዊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር አረጋገጠው። ያኔ ዓይኑ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁጥሩ የሚካፈል ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ አንዱ አካፋይ ከስኩዌር ሩቱ ማለትም ከ46,341 በታች ይገኝ ነበር። ከዚያ በታች ወደ 4,800 የሚጠጉ ፕራይሞች አሉ። ሁሉንም በእጅ ማካፈል ከባድ ነው። ኦይለር ግን ፕራይም አካፋይ ካለ፣ በ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን እንዳለበት ያውቅ ነበር። ይህን የሚያሟሉት ወደ 370 ገደማ ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም ፕራይም ያልሆኑት ይወጣሉ። ለምሳሌ 63 እና 249 ፕራይም አይደሉም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሞከረው 311 ነው፤ ሲካፈል 35 ይተርፋል። ቀሪዎቹም እንዲሁ አንድ በአንድ ወደቁ።

ጥያቄ፦ በ31 ፈንታ ሌላ ፕራይም ብወስድስ? ሁሌ ይሠራል?

አይሠራም። 11ን ውሰጂ። ውጤቱ 2,047 ነው፤ እሱም 23 × 89 ነው።

ጥያቄ፦ ከፍጹም ቁጥር ጋር ምን አገናኘው?

6 የ1፣ የ2 እና የ3 ድምር ነው፤ ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው ራሱን ይሰጣሉ። እንዲህ ያለው ቁጥር ፍጹም ይባላል። የኛን ቁጥር በ1,073,741,824 ብታባዙት ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ይወጣል፦ 2,305,843,008,139,952,128።

ጥያቄ፦ እኔ ፕሮግራመር ነኝ። ይሄን ቁጥር ኮድ ውስጥ አየዋለሁ። ለምን?

ኮምፒውተር ቁጥርን ብዙ ጊዜ በ32 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሚይዙ 32 ቦታዎች ይይዛል፤ አንዱ ለምልክት (+ ወይም −) ይያዛል። የቀሩት 31 ቢቶች በሙሉ 1 ሲሆኑ ይሄው ቁጥር ይመጣል። ከዚያ በላይ ቦታ የለም። ብዙ የቆዩ ሲስተሞች ደግሞ ጊዜን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰከንድ ነው የሚቆጥሩት። ቆጠራው እዚህ ቁጥር ላይ የሚደርሰው በኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው፤ በጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ። በቀጣዩ ሰከንድ ያልተስተካከለ ሲስተም ወደ 1901 እ.ኤ.አ. ሊመለስ ይችላል። መፍትሔው ጊዜውን በ64 ቢት መያዝ ነው። የቆየ ዳታቤዝ የምታስተዳድሩ ሰዎች ከአሁኑ ፈትሹት።