ጥያቄና መልስ፦ የቆዳ ቀለምና ፀሐይ

የቆዳ ቀለም ከፀሐይ ይጠብቃል ይባላል። እንዴት?

ሥራው ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው የሜላኒን ነው። በላይኛው የቆዳ ሽፋን ግርጌ ያሉ ሜላኖሳይት የተባሉ ሕዋሳት ያመርቱትና በጥቃቅን ከረጢት እያደረጉ ለጎረቤት ሕዋሳት ያድሉታል። ተቀባዩ ሕዋስ ከረጢቶቹን እንዲሁ አይበትናቸውም። የዘር መረጃ የሚይዘው ዲኤንኤ ካለበት አስኳል በላይ፣ ፀሐይ በሚመጣበት በኩል፣ እንደ ጃንጥላ ይደረድራቸዋል። ስለ ቆዳ ካወቅሁት ሁሉ እንደዚህ የሚያስደንቀኝ የለም። ሜላኒን ቆዳን የሚጎዳውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ያመለጠው ጨረር ዲኤንኤ ላይ ሲያርፍ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎችን ያጣብቃል። ሕዋሱ አብዛኛውን ይጠግናል፤ ሳይጠገን የቀረው ግን እየተጠራቀመ ለካንሰር በር ይከፍታል።

ጥቁር ሰው ሜላኖሳይቱ ይበዛል?

አይበዛም፤ ቁጥሩ ከሰው ሰው ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ በከረጢቶቹ ነው፤ በጥቁር ቆዳ ተለቅ ያሉ ናቸው፣ ቶሎም አይፈርሱም። አልቢኒዝም ያለበት ሰው እንኳ ሜላኖሳይት አለው፤ የጎደለው ቀለሙን የማምረት አቅም ነው። ለዚህም ነው ከልጅነቱ ጀምሮ ባርኔጣ፣ እጅጌ ረጅም ልብስና የፀሐይ መከላከያ ክሬም የሚያስፈልገው።

ፀሐይ ላይ ውዬ ስጠቁር ቆዳዬ ጠነከረ ማለት ነው?

አይደለም። ዲኤንኤው ሲጎዳ ሕዋሱ ተጨማሪ ቀለም እንዲመረት መልእክት ይልካል። ስለዚህ ጥቁረቱ የታየው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ የሚጨምረው መከላከያም ትንሽ ነው።

ጥቁር ስለሆንኩ የቆዳ ካንሰር አያሰጋኝም?

ስጋቱ በጣም ያንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ከሁሉ በላይ የምፈራው በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር የሚወጣውን ሜላኖማ የተባለ አደገኛ የቆዳ ካንሰር ነው። ከፀሐይ ጋር ብዙም ስለማይያያዝ የቆዳ ጥቁረት አያስጥልም። ቦብ ማርሊ በ1977 እ.ኤ.አ. በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር ተገኝቶበት በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ አረፈ። በአንድ ጥፍርዎ ላይ አዲስ ጥቁር መስመር ወጥቶ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም ጥቁረቱ ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ሥጋ ካለፈ፣ ቀጠሮ አያራዝሙ።

የቆዳ ማንጫ ክሬም እጠቀማለሁ። ጃንጥላውን ያነሳብኛል?

አዎ፤ ሃይድሮኪኖን ያለበት ከሆነ ሜላኒን እንዳይመረት ያደርጋል። ሜርኩሪ ያለበት ደግሞ ኩላሊትንም ይጎዳል። እባክዎ ማሸጊያውን ይዘው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት ካለበት እንዴት እንደሚያቆሙት ሐኪሙ ይንገርዎት፤ በድንገት ሲተው ቆዳው ክፉኛ ሊቆጣ ይችላል።