የእንግሊዝ ገጠር መንደር ደህና ነው? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከለንደን ወጥቼ ትንሽ መንደር ውስጥ ቤት ልከራይ ነው። ወንጀል መብዛት አለመብዛቱን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ፖሊስ ዶት ዩኬ (police.uk) የሚባለው የፖሊስ ድረ ገጽ ላይ ገብተሽ የቤቱን ፖስት ኮድ ጻፊ። በየወሩ የተመዘገበው ወንጀል በካርታ ይመጣልሻል። ነጥቡ ያረፈበትን ቤት ግን አትጠርጥሪው። የተበዳዩ ማንነት እንዳይታወቅ ሆን ተብሎ አቅራቢያው ወዳለ ቦታ ይጠጋል። ሌላው፣ 400 ሰው በሚኖርበት መንደር አንድ ጎረምሳ በአንድ ሌሊት አራት መኪና ቢበረብር ስሌቱ ከሺህ ሰው 10 ይሆናል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ ሌባው ግን አንድ ነው። ስለዚህ የአንድ ወሩን ትተሽ የዓመት የሁለት ዓመቱን እዪ።

ጥያቄ፦ «የኃይልና የወሲብ ጥቃት» የሚለው በዝቶ አየሁ። ልቅር?

መልስ፦ በመላ አገሪቱም የሚበዛው እሱ ነው። ማስፈራሪያውም፣ ትንኮሳውም፣ ማንም ያልቆሰለበት ግፊያም ከከባዱ ጋር አብሮ ይደመራል።

ጥያቄ፦ እዚያ በር ሳይቆለፍ ይታደራል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ድሮ ይሆናል። ቆልፍ ወንድሜ፣ መኪናህንም ጭምር።

ጥያቄ፦ ሌባው ታዲያ ምን ይወስዳል?

መልስ፦ በብዛት የገበሬ ዕቃ። ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ የትራክተር ጂፒኤስ፣ ናፍጣ። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የተሸፈነበት የእርሳስ ብረት እንኳ ይገፈፋል! አንተን የሚነካህ የማሞቂያ ዘይት ነው። ብዙ መንደር የጋዝ መስመር ስለሌለው ዘይቱ ጓሮ ባለ ታንከር ይቀመጣል። ክዳኑን ቆልፈው፣ መጠኑንም አልፎ አልፎ እየው። ውድ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ፖሊስ ጣቢያ የለም አሉኝ። ማን ይደርስልኛል?

መልስ፦ አደጋ ካለ ወይም ሌባው እዚያው ከሆነ 999፣ ካለፈ በኋላ 101 ደውዪ። ድምፅ ማሰማት ካልቻልሽ በሞባይል 999 ደውለሽ ስትጠየቂ 55 ተጫኚ። 55 ያለሽበትን ቦታ ግን አይነግራቸውም። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ «አማሪክ» በዪ፣ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኙሻል። ፖሊሱ ከሩቅ ስለሚመጣ ጎረቤት ያዢ። የአገሪቱ የመጀመሪያው የጎረቤት ጥበቃ ቡድን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1982 የተቋቋመው ሞሊንግተን በምትባል የቼሻየር መንደር ነው።

ጥያቄ፦ ጥቁር እኔ ብቻ ብሆንስ?

መልስ፦ መጋረጃ ገለጥ አድርገው የሚያዩሽ አይጠፉም። «ሞርኒንግ» በያቸው፣ አብዛኛው በዚያው ያልቃል። ስድብ ወይም ዛቻ ከመጣ ግን ዝም እንዳትዪ። በዘሬ ነው ካልሽ ፖሊስ እንደ ጥላቻ ወንጀል ይመዘግበዋል፤ ለዚህ ማስረጃ አምጪ አትባዪም።

ጥያቄ፦ ማታ ከሥራ በእግሬ ነው የምመለሰው። ያሰጋል?

መልስ፦ እኔ ከሌባው ይልቅ መኪናውን ነው የምፈራልሽ። በብሪታንያ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሞተው በገጠር መንገድ ላይ ነው። መብራት የለ፣ የእግረኛ መንገድ የለ፣ በዚያ ጠባብ ጥምዝምዝ ላይ ብዙ ቦታ በሰዓት 60 ማይል ይፈቀዳል። መኪናው ፊት ለፊት እንዲመጣልሽ ቀኝሽን ይዘሽ ሂጂ። አንጸባራቂ ሰደርያም ልበሺ። ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ደግሞ የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቂ።